ራስ ቅል ያልያዘው ልጅ

እስቲ ንገሩኝ፤ አንድ ቤት «ጨዋ ዘር» ተብሎ የሚከበረው ስንት ሬሳ ላይ ሲቆም ነው?

የስኬልዊን ቤት ሰዎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። አያትየው የበግ ነጋዴ ነበር። የድሮው ንጉሥ ገዳማቱን ሲዘጋ፣ ረግረጉ ዳር የነበሩትን መነኮሳት በበረዶ አስወጥቶ ገዳማቸውን አፈረሰ፤ በድንጋዩም ቤት ሠራ። ከመነኮሳቱ ሁለቱ ከመንገድ ሳይርቁ ሞተው ቀሩ። የእሱ ልጅ ሃምፍሪ «ሎርድ» ተባለ። የልጅ ልጁ ጀርቬስ ደግሞ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ጌታ የነበረ ይመስል ሲናገር ትሰሙታላችሁ። ሌባ ጨዋ ለመሆን ሦስት ትውልድ ይበቃዋል። ይህን የምለው ስለ ስኬልዊኖች ብቻ አይደለም፤ የሚያመው ካለ ይመመው።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ የንግሥቲቱ የዘር ሐረግ መርማሪ ወደ ስኬልዊን ሊመጣ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ይህ ሹም በየአውራጃው እየዞረ፣ ጌታ ነኝ የሚል ሁሉ በእርግጥ የጌታ ልጅ መሆኑን ይመረምራል፤ ዋናው ምስክሩም የአባቶች መቃብር ነው። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ፣ አሮጊቷ ሞግዚት ማርጀሪ ብሪግ በቤተሰቡ ጸሎት ቤት፣ በሟቹ ሎርድ ሃምፍሪ መቃብር ሥር ሞታ ተገኘች።

የአውራጃው የሞት መርማሪ ማስተር ክሪስፒን ኦልዳከር ሲደርስ ግራ ጉንጩ አብጦ ነበር። ጥርሱን ታምሞ ቅርንፉድ ያኝካል። የቤቱ አዛዥ ሃምኔት ፓይክ በዝናብ ውስጥ በር ላይ ጠበቀው።

«በከንቱ ደከሙ፣ ጌታዬ» አለ ፓይክ። «ገዳዩ ተይዟል። በበጎች በረት ውስጥ አስረነዋል።»

«እንኳን ደስ አላችሁ። ሟቿስ ተይዛለች ወይስ እሷ አመለጠች?»

ፓይክ ይሳቅ ወይም አይሳቅ ግራ ገብቶት ወደ ጸሎት ቤቱ መራው።

ማርጀሪ በጀርባዋ ተጋድማለች። ከጆሮዋ በስተኋላ አጥንቷ ተሰብሯል፤ የመቃብሩ ደረጃ ጠርዝ ላይም ደም አለ። ነገር ግን ዓይኖቿ ተከድነዋል። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶ ተስተካክሏል። ሁለት እጆቿ ሆዷ ላይ ተቀምጠው በገዛ ሽርጧ ጫፍ እንደ ሕፃን ተጠቅልለዋል።

«ማን ነው ያስተካከላት?» አለ ኦልዳከር።

«ማንም አልነካትም። ቄሱ ናቸው ያገኟት። እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት ብለው ይምላሉ።»

«በዚህ መንደር ሴቶች ሬሳ ሲያበጁ እጁን እንዲህ ይጠቀልሉታል?»

«ኧረ በጭራሽ! እጅ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ደረት ላይ ጨው በሳህን ይደረጋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

መርማሪው ተንበርክኮ ሽርጡን ፈታ። ሁለቱም እጆች ተጨብጠዋል፤ አውራ ጣቶቹ በጡጫው ውስጥ ተደብቀዋል። የሚሞት ሰው እጁን ሊጨብጥ ይችላል፤ ሁለቱን አውራ ጣቶች ግን እንዲህ በጥንቃቄ አጣጥፎ፣ እጁን በሽርጡ ጠቅልሎ አይሞትም። ከሞተች በኋላ ያስተኛት ሰው አለ። ኦልዳከር የቀኙን ጡጫ ቀስ ብሎ ከፈተው። መዳፏ ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ነጭ ድንጋይ ነበረች። በእርግጥም ጣት ነበረች፤ ከአልባስጥሮስ የተቀረጸች የጣት ጫፍ።

ቀና ብሎ መቃብሩን አየ። ሎርድ ሃምፍሪ ከላይ በድንጋይ ተኝቷል። በጎኑ አራት ወንዶች ልጆቹ በልደት ተራ ተንበርክከዋል። መሃል ያሉት ሁለቱ ትንንሾች በመዳፎቻቸው መካከል ራስ ቅል ይዘዋል፤ አራተኛው፣ በሕይወት ያለው ጀርቬስ፣ እጆቹን ለጸሎት አጋጥሟል። የመጀመሪያው ክንዶች ግን አንጓው ላይ ያበቃሉ። እጆቹ ተሰብረው ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

«ይሄ የማን ምስል ነው?»

«የሟቹ የማስተር አድሪያን ነው። የጌታዬ ታላቅ ወንድም፣ ከፊተኛዋ ሚስት። በባሕር ላይ ሞቷል። ያ ወንበዴ አሮጊቷን ሲገፋት፣ ስትወድቅ ይዛው ተሰበረ።»

«ከአባቱ በፊት የሞተ ነው?»

«ከብዙ ጊዜ በፊት።»

«እንግዲያው እንደ ልማዱ ራስ ቅል መያዝ ነበረበት። የታለ?»

«ተሰብሮ ይሆናላ፣ ጌታዬ! ድንጋይ አይደል?»

ኦልዳከር መሐረቡን ወለሉ ላይ ዘረጋና ስብርባሪውን ሁሉ ለቀመ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ጨዋታ ያገጣጥም ጀመር። ፓይክ ቆሞ ቆሞ እግሩን ሲቀያይር፣ ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች መሐረቡ ላይ ወጡ። አንዲት የጣት ጫፍ ብቻ ጎደለች፤ እሷም ከማርጀሪ ጡጫ መጥታ ቦታዋ ላይ ገባች። ሌላ የተረፈ ስባሪ አልነበረም። መዳፎቹም በአንድ ድንጋይ የተጣበቁ ነበሩ። በመካከላቸው እንኳን ራስ ቅል፣ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም።

«ማስተር ፓይክ፣ አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ?»

«አይደለሁም። ከእመቤቴ አባት አገር ነው የመጣሁት፤ ጌታው ሃምፍሪ ከሞቱ በኋላ።»

«ጥሩ» አለ መርማሪው፤ መሐረቡን ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። «ለአንተ ጥሩ ማለቴ ነው።»

*

እመቤት ኡርሱላ፣ የሟቹ ሎርድ ሁለተኛ ሚስትና የጀርቬስ እናት፣ መስኮት አጠገብ ጥልፍ እየጠለፈች ተቀበለችው። ተቀመጥ አላለችውም።

«ማርጀሪ ጥሩ አገልጋይ ነበረች» አለች። «አርጅታ ግን አእምሮዋ ሳስቶ ነበር። የመጣ ሁሉ አድሪያን ይመስላታል።»

«አድሪያን መሞቱን እንዴት አወቁ፣ እመቤቴ?»

«መርከበኛ ነገረን። መርከባቸው በበርበሮች፣ በባሕር ወንበዴዎቹ፣ ተወሰደች፣ ሰዎቹም አለቁ። ባሌ መቃብሩን ከማሠራቱ አንድ ክረምት በፊት ነው።»

«ጠራቢው ታዲያ ራስ ቅሉን ለምን ተወው?»

መርፌዋ ቆመ። «ረሳው።»

«ሁለቱን ሕፃናት ሳይረሳ?»

«እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ እንዴ? ሂድና እሱን ጠይቀው።»

«ጀርቬስን ያጠባችው ማርጀሪ ናት?»

«ማን ሊያጠባው ኖሯል? በእኛ ወግ ልጅ እንደተወለደ ለጡት እናት ይሰጣል፤ በእግሩ ሮጦ ሲመጣ እንቀበለዋለን። ሁለቱ የሞቱብኝ ሳምንት አልሞላቸውም። ጀርቬስ ግን እዚያ ጎጆዋ ውስጥ አደገ። ከእሱ በፊት አድሪያንንም አጥብታለች። የራሷ ልጅ ሞቶባት ወተቷ የተረፈ ሴት ነበረች።»

«ሲያስተኟቸው አይተው ያውቃሉ?»

«ማታ ማታ ረግረግ አቋርጬ ገበሬ ጎጆ እንድገባ ነው የምትፈልገው?» አለች፤ ከልቧም ተገረመች።

ይህችን መልስ አንብባችሁ ዝም ብላችሁ አትለፏት። ልጇን ወልዳ ሲተኛ ያላየች ሴት «እናት» ትባላለች። የራሷን ቀብራ የሰው ልጅ ያሳደገችው ደግሞ «ጥሩ አገልጋይ»።

ልጇ ጀርቬስ በአባቱ ክፍል ተገኘ። ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ቀልተው፣ ፊቱ ገርጥቷል። ያለቀሰው ለይምሰል አልነበረም፤ ኦልዳከር ይህን ወዲያው አየ፣ አዘነም።

«ከእናቴ በፊት ያወቅኳት እሷን ነው» አለ ጀርቬስ። «ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ለምን እንደምናገር አላውቅም።»

«ሰውየው መቼ መጣ፣ ጌታዬ?»

«ትናንት። አድሪያን ነኝ እያለ በመንደሩ ሲያወራ ዋለ። ከዚያ ማርጀሪ ጎጆ ሄደ። ፓይክ በዓይኑ አይቷል፤ በሩ ላይ በጥፊ መታችው። አላወቀችውማ! ነገ በዘር መርማሪው ፊት ‹አላውቀውም› እንዳትል ገደላት። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ?»

«እርስዎ ዛሬ ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ፈረስ ጋጣ። የፈረሴ የኮቴ ብረት ላልቶ ነበር፤ በራሴ እጅ ነው የምመታለት።»

«የፈረሱን ኮቴ ብረት ራሱ የሚመታ ጌታ ብርቅ ነው።»

«እሷ ናት ያስተማረችኝ፤ ባሏ ቀጥቃጭ ነበር» አለ ጀርቬስ። ወዲያው ያመለጠው ቃል እንዳለ ሁሉ ከንፈሩን ነከሰ፤ እጆቹንም ጨብጦ ከጠረጴዛው ሥር አወረዳቸው።

*

የበጎቹ በረት ውስጥ የታሰረው ሰው በፀሐይ የከሰለ፣ የአንድ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ነበር። መርማሪውን ሲያይ ለመነሳት ሞከረ፤ ሰንሰለቱ ጎተተው።

«ስምህ ማን ነው?»

«ጌታዬ፣ በዚህ ቤት ስሜን በመናገሬ ነው የታሰርኩት። ደግሜ ብናገር ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«እኔ ጥርሴን እያመመኝ ነው፤ ቶሎ ብትናገር ትጸድቃለህ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «አድሪያን ስኬልዊን። ጢም ሳላበቅል ነው እንጀራ እናቴ ወደ ባሕር ያሰደደችኝ። በርበሮች ያዙንና በጀልባቸው መቅዘፊያ ላይ ጠፍረው አሠሩን። መርከባቸው ስትሰበር ነው የወጣሁት።»

«ማርጀሪ በጥፊ መታችህ?»

«ሁለቴ። በቀኝም በግራም።»

«ስላላወቀችህ?»

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «የማታውቀውን ሰው በጥፊ የምትመታ አሮጊት የት አይተዋል? ‹አንተ የማትረባ፣ የት ነበርክ!› አለችኝና አጮለችኝ። ከዚያ አንገቴን አንቃ አለቀሰች። ያ አዛዣቸው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጥፊውን አየና ለማሳበቅ ሮጠ። ለቅሶውን አልጠበቀም።»

«የአባትህን መቃብር አሳይታሃለች?»

«በመስኮት። ‹እጅህን እይ፣ ባዶ ነው› አለችኝ። አባቴ ጠራቢው ሲሠራ ቆሞ ነው የዋለው። ኡርሱላ ራስ ቅል ይጨመርበት ስትለው፣ ‹ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም› አላት። ማርጀሪ በጆሮዋ ሰምታለች። ነገ ያንን እጅ ለዘር መርማሪው ልታሳይልኝ ነበር። ከዚያ በቀር ምን ማስረጃ አለኝ? መልኬንማ ባሕር በልቶታል።»

«እጁ ተሰብሯል።»

አድሪያን ጭዱ ላይ ቁጭ አለ። «እንግዲያው ሞቻለሁ» አለ። «አሁን ሞትኩ።»

«ሬሳዋን አይተሃል?»

«ከጀልባው መሻገሪያ ላይ ነው የያዙኝ። አላሳዩኝም። ቢፈቅዱልኝ...»

«ቆይ። ልጅ ሳለህ እንዴት ነበር የምታስተኛህ?»

ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። ግን እጆቹ ቀደሙት። አውራ ጣቶቹን በጡጫው ውስጥ አጠፈ፤ ሁለቱን ጡጫዎች ሆዱ ላይ አጋጠመና የተቀደደ ሸሚዙን ጫፍ ጠቀለለባቸው።

«ቅዠት ሲመጣ የሚይዘው ጣት እንዳያገኝ» አለ። «ከዚያ ‹በል እጅህን አትክፈት፣ ሲነጋ እኔ እከፍትልሃለሁ› ትል ነበር።»

ኦልዳከር ቅርንፉዱን ተፋ። «ይህን ካወቅህ ወይ አድሪያን ነህ፣ ወይ ገዳይ ነህ» አለ። «ሁለቱንም ግን መሆን አትችልም።»

ወደ ፈረሱ ሲመለስ፣ ከግቢው ጣሪያ ሥር የጀርቬስ ትንሽ ልጅ ሲስሊ የእንጨት አሻንጉሊቷን ድንጋይ ላይ ስታስተኛ አገኛት። የአሻንጉሊቷን እጆች ሆዷ ላይ አድርጋ በጨርቅ ትጠቀልላለች።

«ለምንድን ነው የምታስሪያት?» አለ ጎንበስ ብሎ።

«አላሰርኳትም! ቅዠት ጣቷን ይዞ እንዳይወስዳት ነው።» አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። «ለአያቴ እንዳትነግራት። ካወቀች የድሮ መነኮሳት ጉድ ነው ትላለች። ምስጢር ነው፣ የእኔና የአባዬ። ጉንጭህ ምን ሆኖ ነው?»

«ክፉ ነገር በልቼ» አለ ኦልዳከር።

ኮርቻው ላይ ወጣ። ጥርሱን ረስቶታል። ይህችን ልጅ ነገ ሸንጎ ፊት ቢያቆማት ነገሩ ባንድ ቃል ያልቃል። ግን ልጅ በአባቷ አንገት ላይ ገመድ አታጠልቅም፤ ቢያንስ በእሱ እጅ አይሆንም። ገዳዩን ራሱ እንዲናገር ማድረግ አለበት። ካልሆነለት፣ በረት የታሰረው ይሰቀላል።

*

በማግስቱ ጠዋት ሸንጎው በጸሎት ቤቱ ተቀመጠ። ከመንደሩ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም የስኬልዊን ጭሰኞች ናቸው፣ ሁሉም የገዛ ጫማቸውን ያያሉ። የንግሥቲቱ የዘር መርማሪ እንደደረሰ ወንበር ተሰጥቶታል። እመቤት ኡርሱላ በቤተሰቡ ዝግ መቀመጫ ውስጥ ናት፤ ጀርቬስ ከፊቷ ቆሟል። ፓይክ በሩን ይዟል፤ ሬሳዋን ያገኙት ቄስ መሠዊያው አጠገብ ናቸው። አድሪያን በሰንሰለት መጣ። የማርጀሪ ሬሳ በመሃል ነው፤ ኦልዳከር እጆቿን እንደነበሩ መልሶ ጠቅልሏቸዋል።

«ጌታዬ» አለ የሸንጎው አፈ ጉባኤ፣ አንድ ጠና ያለ ወፍጮ ቤት ባለቤት፤ «እስረኛው ሬሳውን ይንካና ይታይ። ገዳይ ሲነካው ሬሳ ይደማል።»

«አያስፈልግም» አለ ኦልዳከር። «እሷ ትናንት ተናግራ ጨርሳለች። እኔ የምደግመው ነው።»

መሐረቡን ፈቶ የተገጣጠሙትን የድንጋይ እጆች ከፍ አደረገ።

«የሁላችሁም አባቶች በዚህ አገር ተቀብረዋል። ከአባቱ በፊት የሞተ ልጅ በአባቱ መቃብር ላይ ምን ይይዛል?»

«ራስ ቅል» አሉ ብዙ ድምፆች።

«እነዚህ እጆች ሙሉ ናቸው። በመካከላቸው ቦታ የለም። ሎርድ ሃምፍሪ ይህን ሲያሠራ የበኩር ልጁ ሞተ አላለም። ይህ አንድ። የዚህችኛዋ ጣት ጫፍ ደግሞ በማርጀሪ ጡጫ ውስጥ ነበረች። ከኋላዋ ተመታ በጀርባዋ የወደቀች ሴት ተንበርካኪ ምስል ሰብራ ስባሪ አትጨብጥም። እጆቹ የተሰበሩት በሕይወት ሳለች ነው፤ ስባሪውን ከመዶሻው ሥር ነው የነጠቀችው። ገዳዩ እሷን ሊገድል አልመጣም። ድንጋዩን ሊሰብር መጣ፤ እሷ ደረሰችበት።»

የዘር መርማሪው ከወንበሩ ብድግ ብሎ መቃብሩን ቀርቦ አየ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

«አሁን ጌታዬን ልጠይቅ» አለ ኦልዳከር ወደ ጀርቬስ ዞሮ። «ይህ እስረኛ ወንድምዎ ነው?»

«አይደለም!»

«በእርግጠኝነት?»

«ወንድሜ ሞቷል። ይህ መንገደኛ ነው።»

«ሸንጎው ይስማ። እንግዲህ እጆቿን እዩ» አለና ሽርጡን ገለጠ። «አውራ ጣቶቿ ታጥፈው፣ እጆቿ በሽርጥ ተጠቅልለው ነበር። ከሞተች በኋላ ገዳይዋ ነው እንዲህ ያስተኛት። በመንደሩ ማንም ሬሳ እንዲህ አያበጅም፤ የጠየቅኳቸው ሴቶች ሁሉ አይተን አናውቅም ብለዋል። ማርጀሪ ግን ልጆቿን እንዲህ ታስተኛ ነበር። ይህን የሚያውቀው በእሷ ጎጆ ያደረ ብቻ ነው። አዛዥ ፓይክ ከሩቅ አገር ነው የመጣው። እመቤት ኡርሱላ ልጃቸው ሲተኛ አላየሁም ብለውኛል፤ አምናቸዋለሁ። ጡቷን ጠብተው ያደጉ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አድሪያንና ጀርቬስ። ይህ ሰው መንገደኛ ከሆነ፣ ጌታዬ፣ የቀሩት አንድ እርስዎ ነዎት።»



«በአንዲት ገረድ ሞት ልጄን!» ብላ ጮኸች ኡርሱላ። «ማን መሰለህ?»

«ቆይ፣ እናቴ!» ጀርቬስ ወደ እስረኛው ዞረ። «ምናልባት... ምናልባት እሱ ነው። አዎ፣ ትናንት በደንብ አላየሁትም። አድሪያን ነው። አድሪያን ከሆነ እጇን መጠቅለል ያውቃል! ገዳዩ እሱ ነው!»

አሥራ ሁለቱ ጭሰኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። የዘር መርማሪው «ወንድሙ መሆኑን መሰከረ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«አመሰግናለሁ» አለ ኦልዳከር፤ ድምፁ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም። «አድሪያን ነው። ዛሬ እነዚህ ባዶ እጆች ለእሱ ስሙም ርስቱም ሕይወቱም ነበሩ። በዓለም ላይ እነሱን ሊሰብር የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የራሱን እጅ በራሱ ቆርጦ ለፍርድ የሚቀርብ ሰው አይታችኋል?»



አድሪያን በሰንሰለቱ ወንድሙን አየው። «ጀርቪ» አለ፤ ማንም ሌላ በማይጠራው ስም። «ርስቱን ብትለምነኝ እኮ እሰጥህ ነበር። እኔ የመጣሁት አልጋ ላይ ለመሞት ነው። እሷን ለምን?»

እዚህ ላይ አሥራ ሁለቱ ሰዎች መነሳት ነበረባቸው። አልተነሱም። አንዱ ኮፍያውን አሻሸ፣ አንዱ አሳለ፣ ወፍጮ ቤተኛው ጣሪያውን አየ። መሬቱ የጌታው ነው፣ ወፍጮውም የጌታው ነው፣ የሚቀበሩበት አፈር ሳይቀር የጌታው ነው። ሁሉም ማርጀሪን ያውቋታል፤ ግማሾቹን በልጅነታቸው ሲያተኩሱ ታቅፋቸዋለች። እውነቱም ፊታቸው ተዘርግቷል። እነሱ ግን ጫማቸውን ያያሉ! እንዲህ ያለ ዝምታ ባይኖር የስኬልዊን ቤት አንድ ድንጋይ እንኳ በድንጋይ ላይ አይቆምም ነበር።

ኦልዳከር ሸንጎውን አየ፤ ከእነሱ ምንም እንደማያገኝ ገባው። ወደ ጀርቬስ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። የወጣቱ ጌታ ሁለት እጆች በጎኖቹ ተጨብጠዋል፤ አውራ ጣቶቹ በጡጫው ውስጥ ተደብቀዋል። ማዶ፣ በሰንሰለት የቆመው ወንድሙም እጆቹን ልክ እንደዚያው አጥፏል። በመካከላቸው የተጋደመችውም። የሦስቱን ሰዎች ጡጫ ሁሉም አየ። ኡርሱላም አየች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የምታየው። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ኦልዳከር ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ «ጌታዬ» ማለቱንም ትቷል። ቄሱ ይህን ሰምተው አማተቡ።

«ጀርቬስ፣ ልትገድላት እንዳልመጣህ አውቃለሁ። የኮቴ መዶሻህን ይዘህ ድንጋይ ልትሰብር መጣህ። እሷ ስባሪውን ጨብጣ አልለቅም አለችህ፤ ገፋሃት። ከዚያ አጠገቧ ተንበርክከህ ዓይኗን ከደንክ፤ እሷ አንተን እንዳስተኛችህ አስተኛሃት። ስታስተኛህ ምን ትልህ እንደነበር ወንድምህ ነግሮኛል፤ ‹እጅህን አትክፈት፣ ሲነጋ እኔ እከፍትልሃለሁ› ትል ነበር። አሁን ነግቷል፣ እሷ ግን የለችም። ስለዚህ በወንድምህ ፊት፣ በእናትህ ፊት፣ አንተን ፈርተው ዝም ባሉት በእነዚህ ሰዎች ሁሉ ፊት፣ እኔ እጠይቅሃለሁ፤ ማርጀሪ ብሪግን ማን ገደላት? እጅህን ክፈትና መልስ!»